«ማን አየ?» የሚሉት አልቃሽ

እመት ዘርፌ መሞታቸውን የነገረኝ በደብረ ብርሃን ገበያ አሞሌ የሚሸጥ ሰው ነው። መሞታቸውን ብቻ ነግሮኝ ቢተው ደግ ነበር።

«ገዳም ገብተው፣ ቆብ ደፍተው፣ ዳዊታቸውን ደግመው ሲጨርሱ ነው ነፍሳቸው የወጣች» አለኝ፤ ዓይኑን ወደ ሰማይ እየሰቀለ።

ከጎኑ ገብስ ዘርግታ የተቀመጠችው ሴት አላስጨረሰችውም። «ኧረ ተወኝ! መርዝ አብልተዋቸው ነው። አገር ያወቀውን!»

«ማን አየ?» አልኋቸው።

ተያይተው ሳቁብኝ። «አንቱም እንደ ሴትዮዋ ሆኑ እንዴ?» አለ ባለ አሞሌው።

አንኮበር አጠገብ፣ እሳቸው የኖሩበት ጎረቤላ ድረስ ወርጄ ጠየቅሁ። እመት ዘርፌ አልመነኮሱም፤ ፊደል ስለማይለዩ ዳዊት ሊደግሙም አይችሉም። መርዝም ያበላቸው የለም፤ በመጨረሻው ጊዜ መርዝ ቀርቶ ሽሮ የሚያበላቸውም እምብዛም አልነበረ። ቆላ ገበያ ሲመላለሱ ንዳድ ይዟቸው ነው የሞቱት። ያስታመመቻቸው ጎረቤት «ውሃ ለምነው ጠጡ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ሌላ ነገር የለም» አለችኝ። እመት ዘርፌ ቢሰሟት ኖሮ ይቺን ሴት ይወዷት ነበር።

እኔ ደብተራ ነኝ፤ በዚህ አውራጃ በእጄ ያልገባ የብራና መጽሐፍ ጥቂት ነው። ብዙ በማንበቤ ያተረፍሁት ጥርጣሬ ብቻ ነው። የገድል ጸሐፊ ጻድቁን ከአንበሳ ጋር ካላነጋገረው የበደለው ይመስለዋል። የታሪክ ጸሐፊም ጌታውን ወንዝ በደም ሳያስሞላ አይተኛም። ባላገሩም ከነዚህ አይሻልም። የምንወደውን ሰው እንዳለ መተው አንችልም። እንዳለ ከተውነው የናቅነው ይመስለናል። ከእመት ዘርፌ በቀር በዚህ ነገር ሰው ሲያፍር አላየሁም፤ ይህን ስጽፍም እሳቸውን ጻድቅ ለማድረግ አይደለም። እውነታቸው ሰው ጎድቷል።

እመት ዘርፌ አልቃሽ ነበሩ። ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን ትልቅ ሰው ሲሞት ሙሾ እንዲያወርዱ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ባለ ሹመቱ «አንቺ» ይላቸዋል፤ ድሃው ግን «እመት» ይላቸው ነበር፤ እኔም ከድሃው ጋር ነኝ። ረጅም፣ አጥንታቸው የወጣ ሴት ነበሩ፤ የላይኛው የፊት ጥርሳቸው ወልቋል፤ ስለዚህ ሲያለቅሱ አፋቸውን በነጠላ ጫፍ ይከልላሉ። ነገር ግን አፋቸው ተከልሎም ሟቹን ከአልጋው ያስነሱት ነበር። አረማመዱን፣ ሳሉን፣ በቅሎ ላይ ሲወጣ እንዴት እንደሚያቃስት፣ ሎሌ ሲቆጣ ጣቱን እንዴት እንደሚቀስር ሁሉን ይሆኑታል። የሟች ሚስት ሳታስበው «አቤት» ስትል ሰምቻለሁ።

ይህን ከማድረጋቸው በፊት ግን የማይቀር ነገር አለ። አስከሬኑ ግርጌ ይቀመጡና ዘመዱን እየጠሩ ይመረምራሉ። የት ተወለደ፣ ከማን ወገን ነው፣ ምን ሠራ፣ ማን አየ? አንድ ቀን የአንድ ጭቃ ሹም ልጅ መጥቶ «አባቴ አንበሳ ገድሏል በዪልኝ» ሲላቸው እዚያው ነበርሁ።

«ጎፈሩን ማን አየ?»

«የለም። ቤታችን ሲቃጠል አብሮ ተቃጠለ።»

«ሲገድለውስ ማን አብሮት ነበር?»

«ሞተዋል ሁሉም።»

«እንግዲያ ልጄ፣ ያን አንበሳ ለእሳቱ እንተውለት» አሉና ለሟቹ በክፉ ክረምት ለጎረቤቱ ዘር እንዳበደረ ብቻ አለቀሱለት። ልጁ እስኪሞት ይቅር አላላቸውም። ዘር የተበደረው ጎረቤት ግን መሬት ላይ ተንከባለለ።

ነገሩ የጠባይ ብቻ አይደለም። በእኛ አገር ርስት የሚጠበቀው በሰው አፍ ነው። ለቅሶ ላይ አባትና አያቱ የተጠራለት ሰው ትውልዱ በአገሩ ጆሮ ይቀራል፤ ከዘመን በኋላ ልጆቹ ሲካሰሱ ሽማግሌ ቆሞ «እንዲህ ተብሎ ሲለቀስለት ሰምቻለሁ» ብሎ ይመሰክራል። አልቃሽ ከዋሸች የሰው እርሻ ትወስዳለች ማለት ነው። እመት ዘርፌ ይህን ያውቁ ነበር።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። ከብቱ አለቀ፤ በሬ የሌለው ገበሬ መሬቱን በዶማ ቧጠጠ፤ ዘሩንም በላው፤ ቀጥሎ ሰዉ ማለቅ ጀመረ። ሞት እንዲያ በበዛበት ዘመን የሚለቀስለት ሰው ጠፋ። ቀባሪ ሲታጣ አልቃሽ ማን ይጠራል? እመት ዘርፌ ሥራ ፈትተው ጎረቤላ ተቀመጡ፤ የሚያልፍ የሚያገድመውን «ማን ሞተ? ከማን ወገን?» እያሉ ይጠይቁና በልባቸው ያኖሩ ነበር።

ክፉው ቀን ሲያልፍ የተረፈው ሰው ባዶውን መሬት ማየት ጀመረ።

ከጎረቤላ በታች ውቢት የምትባል ሴት ባሏ በሻህ ሞቶባት ከአንዲት ሕፃን ልጅ ጋር ቀርታ ነበር። እርሻው የበሻህ አባት የአቶ ወልዴ ርስት ነው፤ በወግ ለሕፃኗ ይተላለፋል። የአቶ ወልዴ እኅት ልጅ ባላምባራስ ደጉ ግን ተነሣና «ወልዴ አያቴ ቤት ያደገ ማደጎ ነው፤ ደማችን የለበትም፤ ርስቱ የእኔ ነው» አለ። ሐሰት መሆኑን የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል። የባላምባራስ እናት ራሳቸው ሞተዋል። የቀሩት እመት ዘርፌ ብቻ ናቸው።

ደብረ ብርሃን ከዳኛ ፊት ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ። «አቶ ወልዴ የሞቱ ለት የባላምባራስን እናት ጠየቅኋቸው። እጃቸውን አስከሬኑ ላይ ጭነው 'ከእኔ ቀጥሎ የእናቴን ጡት የጠባ፣ የአባቴ ልጅ ነው' አሉኝ። እኔም እንዲሁ ብዬ አለቀስሁ።»

ባላምባራስ ኩታውን አጣፍቶ ወደ ፊት ወጣ። ወፍራም፣ ድምፁ የሚያምር ሰው ነው፤ ሙግት ለእሱ ከጠጅ ይጥመዋል።

«በላ ልበልሃ! ንጉሥ ይሙት፣ ይህች ሴት ምስክር አትሆንብኝም! ሰላ ድንጋይ ልጅ ሳለች ሱሪ ታጥቃ፣ የወንድ ስም ይዛ፣ ከወንዶች ጋር ገና የተጫወተች ናት። እግዜር ሴት አድርጎ የፈጠረውን ገላ ወንድ ነው ብላ ድፍን አገር ያታለለች፣ ለአንድ ሙት አትዋሽም?»

ተመልካቹ አጉረመረመ። ገና የወንዶች ጨዋታ ነው። ለልደት በዓል መንደርና መንደር ተሰልፎ፣ ቆልማማ ዱላ ይዞ ሩር የምትባለውን የእንጨት ኳስ እየመታ ይጋፋል፤ እግር ይሰበራል፣ ጌታና ሎሌ ያለ ይሉኝታ ይመታታል። ሴት ከሜዳው ዳር ሆና እልል ትላለች እንጂ ዱላ አትይዝም። እመት ዘርፌ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዳኛው በአለንጋቸው ከለከሏቸው።

«ሰው ለራሱ ምስክር አይሆንም። ሰላ ድንጋይ ሄዶ የሚያጣራ ይላክ።»

እኔ ተላክሁ። ማንበብ የሚያውቅ ሰው ማጣራትም ያውቃል ብለው መሰለኝ። ስነሣ እመት ዘርፌ በሩ ላይ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ብዙ ያወሩልሃል። ስማቸው። ደስ ብሏቸው ሲጨርሱ ነው የምትጠይቃቸው።»

«ለምን አሁን እርስዎ አይነግሩኝም?»

«ዳኛው ሰው ለራሱ አይመሰክርም አሉ። ልክ ናቸው።»

ሰላ ድንጋይ እንደደረስሁ የዘርፌን ስም መጥራት ብቻ በቃኝ። አንዲት አሮጊት ዘርፌ በገና ዱላ የአንድ ደጃዝማች ልጅ መንጋጋ እንደሰበረች ነገረችኝ። አንድ ቄስ በሕልም ተነግሯት ነው የተጫወተችው አሉ። አቶ ጓንጉል የሚባሉ ቀጭን ሽማግሌ ሁሉን ገፉና መሐል ገቡ።

«እነዚህ አላዩም። እኔ ነኝ ያየሁ። አንድ ጊዜ ብትመታት ሩሯ ሜዳውን አልፋ ገደል ገባች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እስካሁን እየወረደች ነዋ!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ክንፉ የተባሉት ጓደኛቸው ግን አልሳቁም፤ «ተጫውታለች፤ አንድ ቀን። ሌላው ጨዋታ ማሳመሪያ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። ሁለቱን ሽማግሎች ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስሁ። መንገድ ላይ አቶ ጓንጉል ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ለምን እንደተጠሩ ማወቅ ይገባቸዋልና ክሱን ነገርኋቸው። የሕፃኗ እርሻ በዚህ ላይ እንደቆመም ነገርኋቸው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በቅሏቸውን አጠጋግተው፣ ከእኔ ርቀው እየተንሾካሾኩ ተጓዙ።

ሽማግሎቹ ከዳኛው ፊት ሲቀርቡ እጃቸውን መስቀል ላይ ጫኑ። አቶ ጓንጉል ጉሮሯቸውን ጠርገው እንዲህ አሉ።

«ጌታዬ፣ የተጫወተው ወንድሟ ነው። መልካቸው አንድ ስለሆነ ሰው ተሳሳተ። እሷ ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ነበረች። አባቷ ቄስ ናቸው፤ አያቷም ቄስ ናቸው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ የምትውል ልጅ ነበረች።»

አቶ ክንፉም አንገታቸውን ደፍተው «እንደሱ ነው» አሉ።

የእኛ ሰው ስለሚወደው ሰው ለመዋሸት ሲነሣ የሚበቃውን ያህል ዋሽቶ አያቆምም። «ወንድሟ ነው» ማለት በቂ ነበር፤ የቄስ ልጅነቱና ጾሙ ምርቃት ነው። ዳኛው ግን አመኑ። ባላምባራስ ወዲያ ወዲህ አየ፤ ጨዋታውን ያየ ሌላ ሰው ለማምጣት ያስቸግረዋል። ዳኛው «እንግዲህ ምስክርነቷ ጸንቷል» ሲሉ ውቢት ተደፍታ መሬት ሳመች። ልጇ ደንግጣ አለቀሰች።

እመት ዘርፌ ተነሡ።

«ጌታዬ፣ የተጫወትሁ እኔ ነኝ።»



«አባቴ ቄስ አልነበሩም፤ እንጨት እየሰበሩ ነው ያሳደጉን። ወንድሜ ግዛው በዚያ ዓመት በኅዳር ሞተ። ለገና መንደራችን አንድ ሰው ጎደለው። እናቴ የግዛውን ሱሪ አስታጠቁኝ፤ ጠጉሬን ላጩኝ። 'አንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ቆሞ ልየው' አሉኝ። ሄድሁ። እንደ እሱ ቆምሁ፤ እንደ እሱ ዱላዬን ትከሻዬ ላይ ጣልሁ። እናቴ ከዳር ሆነው 'ግዛው! ግዛውዬ!' ሲሉ ሰማሁ። ሩር አልመታሁም። ጨዋታው እንደተጀመረ እሷ መታችኝ፤ ጥርሴ ያኔ ነው የወለቀ። ከነደሜ እናቴ እቅፍ ገባሁ፤ እሳቸውም ግዛው ነው የሞተ ብለው ዳግመኛ አለቀሱ። ማልቀስ የተማርሁ ያን ቀን ነው። ከዚህ ሌላ የለም።»

«አንቺ ዘርፌ!» አሉ አቶ ጓንጉል። «ለአንቺ ብለን ነፍሳችንን ብንሸጥ መልሰሽ ፊታችን ላይ ትጥይው?»

ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም። አለንጋቸውን አገላበጡ። «ምን ላድርግሽ እንግዲህ? ሽማግሎችሽ በመስቀል ዋሹ። አንቺም ሱሪ ታጠቅሁ፣ ሌላ ሰው ሆኜ ቆምሁ አልሽ። በምን ላጽናሽ?»

«እኔን አያጽኑኝ፣ ጌታዬ። የባላምባራስን እናት ቃል ያጽኑ።»

«የሞተች ሴት ቃል ነው፤ ያለው ያንቺ አፍ ውስጥ ነው» አሉ ዳኛው። ርስቱ ለባላምባራስ ተፈረደ።

ወደ አንኮበር አብረን ተመለስን። ውቢት ልጇን አዝላ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል ቆማ ዞረች።

«እመት፣ አንድ ጊዜ ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? እርስዎ አልዋሹ፤ የዋሹት እነሱ።»

እመት ዘርፌ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ምክንያት ሊሰጡ ነው፣ ስለ እውነት ሊያስተምሩን ነው ብዬ ነበር። እንዲህ አሉ፦

«የቄስ ልጅ ናት ሲሉ ደስ አለኝ፣ ልጄ። ጾመኛ ናት ሲሉማ ይበልጥ ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ጊዜ ፈራሁ።»

«እኔ አልፈራሁም ነበር» አለች ውቢት። «እኔ እርሻዬን ነበር የማይ።»

«ቤቴ ግቢ። ያለኝን እንበላለን።»

«እርስዎ ቤት ያለ እውነት ብቻ ነው። ልጄ ደግሞ እህል ነው የምትፈልግ።»

የእናቷ ወገኖች ከአዋሽ ማዶ አሉ ይባላል ብላ ወደ ቆላ ወረደች። እመት ዘርፌ የታጠቁትን ጠርዙ ጥቁር መቀነት ፈትተው ለልጅቱ ማዘያ ሰጧት፤ ውቢት ተቀበለች፤ አላመሰገነችም። ብዙ ጻድቃንን በመጽሐፍ አውቃለሁ፤ ሁሉም እውነት ሲናገሩ የሚጎዱት ራሳቸው ናቸው። በሌላ ሰው ዳቦ እውነት የተናገረ ጻድቅ እስካሁን አላነበብሁም። እመት ዘርፌ ትክክል ነበሩ ወይስ አልነበሩም ለሚለኝ ሰው የምመልሰው የለኝም።

ከዚያ ወዲህ እመት ዘርፌ በየገበያው ቀን አልዩ አምባ እየወረዱ ከቆላ የሚወጣውን ነጋዴ ሁሉ ስለ ውቢት ይጠይቁ ጀመር። ሰው ያዝንላቸውና «አየናት፤ ወፍራለች፤ ልጅቱም አድጋለች» ይላቸዋል። «የት? ምን ለብሳ? ማን አብሮህ ነበር?» ሲሉት ይንተባተባል። እሳቸውም ሳይቆጡ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።

አንድ ቀን አብሬያቸው ነበርሁ። ሐሰን የሚባል የግመል ነጋዴ ጥያቄያቸውን ሲሰማ ጭነቱን ማውረዱን ተወ።

«እመት፣ ይህን ከእኔ ባይሰሙ እወድ ነበር።»

«ማን አየ?»

«እኔ ነኝ። ወላሂ በዓይኔ። ከበረሃው አፍ ላይ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ነው ያገኘናት፤ ነፍሷ ወጥታለች። ልጅቱን እንዳዘለች ነበረች። ልጅቱ ከእሷ ቀድማ ነው የሞተች፤ ግን አላወረደቻትም። አፈር ያለበስናቸው እኛ ነን። አላህ ይማራቸው።»

«በምን አዝላታለች?»

«በመቀነት። ጠርዙ ጥቁር።»

እመት ዘርፌ ሌላ አልጠየቁም። ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ፤ በዚያ ገበያ መሐል፣ አስከሬን በሌለበት፣ ዘመድ በሌለበት ቆመው ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። የውቢትን አረማመድ ሄዱ፤ ሕፃን የከበዳት ሴት ጀርባዋን ቀና ስታደርግ እንዴት እንደምትሆን ሆኑ። ትውልዱን ከአቶ ወልዴ ጀምረው ቆጠሩ። ከዚያ ጥርስ በሌለው አፋቸው እንዲህ አወረዱ፦

የበሻህን እርሻ ውቢት ያቆየችው፣
ደጉ አፉን ቢከፍት ዘርፌ አጎረሰችው።

ባለ ጨው፣ ባለ በርበሬ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ሥራውን ትቶ ቆሞ ሰማ። ወሬው በማግስቱ አንኮበር ወጣ። ባላምባራስ ደጉ አልመታቸውም፣ አላሰራቸውም፤ እንዲያ የሚያደርግ ሞኝ አይደለም። «የእኔን ወዳጅነት የሚፈልግ ሰው ያቺን ሴትዮ ለቅሶው ላይ አይጥራ» ብቻ አለ። ማንም አልጠራቸውም። ሌላውም ሰው በልቡ ደስ ሳይለው አልቀረም፤ አባቱ ያልገደለውን አንበሳ የምታስገድል አልቃሽ ማግኘት አይቸግርም። እሳቸው ከዚያ በኋላም አልዩ አምባ መውረዳቸውን አልተዉም፤ በመንገድ የቀሩ ሌሎች ሰዎችን ስም ይሰበስቡ ነበር። ንዳዱም እዚያ ነው የያዛቸው።

መሞታቸውን አጣርቼ ከጎረቤላ ስመለስ በዚያ እርሻ አጠገብ አለፍሁ። ገብሱ ተዘርቶ በቅሏል። አንድ ጭሰኛ ከዳር ሆኖ አረም ይነቅላል፤ ከሌላ አገር የመጣ መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል።

«እግዜር ያበርታህ። ይህ እርሻ የማን ነው?»

«የውቢት» አለኝ፤ ቀና ሳይል።

«ውቢት ማን ናት?»

«እኔ ምን አውቄ። ስሙ ነው። ድሮም እንዲሁ ይሉታል መሰለኝ።»

«እህሉንስ ማን ያስገባዋል?»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ፤ የጠመጠምሁትን ጥምጣም አየ፤ አዘነልኝ መሰለኝ።

«ባላምባራስ ናቸዋ፣ አባቴ! ሌላ ማን ያስገባዋል?»